የምናለሽ ተራ እጆችና መንፈሳዊው ሥዕል

ስለ ሥነ ጥበባችን በሚደረገው ንግግር ሁሉ፣ የመልአክ ክንፍ ወይም የጻድቅ ገጽ ያልታየበትን ሥዕል ከመንፈሳዊነት የራቀ፣ ከባሕልም የተፋታ ነው ብለው የሚፈርዱ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍል ተወልጄ በመርካቶ ተራዎች መካከል ቀለም ስበጠብጥ የኖርሁ ሠዓሊ እንደ መሆኔ መጠን፣ የሥዕል መንፈሳዊነት በአርእስቱ ሳይሆን፣ እጅ ለሚዳስሰው ቁስ በሚሰጠው ክብርና በሥራው ትዕግሥት እንደሚታወቅ ልመሰክር እወዳለሁ።

የጥንት ጸሐፍት የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ወጥረው፣ ጠጕሩን ፍቀው፣ ከጥላሸት ቀለም በጥብጠው፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ለይተው ሲጽፉ፣ ከፍቀቱ እስከ ድጉሰቱ ያለው ድካም ሁሉ ራሱ ጸሎት ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ ሳይተዉልን አልፈዋል። ጸሎት የሚጻፍበት የብራና ጥቅልል፣ ክታብም፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ እንደ ነበር ስናስብ፣ ያ ብራና ለአንድ ሰው ሥጋና ነፍስ እንደ ተሰፋ ልብስ ይታየናል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በባሕር ማዶ ሳለ በዘመናዊ ሥዕሉ ውስጥ የክታቡን ዐይንና ምልክት ማኖሩ፣ የብራና ሠዓሊው የአለቃ ደስታ ልጅ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በረቂቅ ሥዕሉ እየተነቀፈ «ጎልጎታ»ን መሣሉ፣ ከዚያው ምንጭ የመጣ ይመስለኛል።

ይህን ትዕግሥት ዛሬ የት እናገኘዋለን ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ አየር ላይ ወደሚሰማበት ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶም ወደ ምናለሽ ተራ እመራዋለሁ። በዚያ የተጣለ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀ ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ አክንባሎ ይወጣዋል። ቀጥቃጩ ሰው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ብረቱን አገላብጦ ያያል፣ በጣቱም መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ የትኛው ጎኑ እንደሚታዘዝ፣ የትኛውም እንደሚሰነጠቅ ዐውቆ ይጀምራል። በሥዕል ትምህርት ቤት ስለ ቁስ ባሕርይ የተማርሁት ሁሉ ከዚህ ማዳመጥ አይበልጥም። የዘመናችን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም ከዚሁ ተራ የኮምፒዩተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየለቀመ፣ ሽቦውን እንደ ሹሩባ ጐንጕኖ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየቸነከረ የሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች፣ በ2014 ዓ.ም. በቬኒስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ቀርበዋል። በእነዚያ ሥራዎች ውስጥ አንድም ቅዱስ አልተሣለም፤ ነገር ግን ሰው የናቀውን አንሥቶ ለማክበር የደከመው እጅ፣ ከብራና ፋቂው እጅ ጋር አንድ ሃይማኖት ያለው መሆኑን አልጠራጠርም።

ስለዚህ ከተማይቱ ስትታደስ ምናለሽ ተራን እንደ ጉድፍ ቈጥሮ ጠርጎ ማውጣት ታላቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። የጠበበው መንገድና የተጠጋጋው ቤት አደጋ እንዳለበት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በዚያው በመርካቶ በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ አሳይቶናልና፣ መታደሱን አልቃወምም፤ ይሁን እንጂ በቦታው የሚሠራውን ፎቅ በመስተዋት ሱቅ ብቻ ከሞላነው፣ መዶሻ የሚይዘው ሰው ወደ ከተማው ዳር ይገፋል፤ ሲገፋም ጥሬ ዕቃ አምጪውን፣ ገዢውንና ከአጠገቡ ቆሞ የሚማረውን ልጅ ያጣል። ለአዲሶቹ ሕንጻዎች ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል፣ ከምድር ቤቱ ጥቂቱን፣ ጢስ መውጫና የእሳት መከላከያ ያለው አድርጎ፣ በሚችሉት ኪራይ ለእነዚህ የእጅ ሠራተኞች ይለይላቸው፤ በሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም አማካይነት በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም፣ ተማሪዎቹን ከምረቃ በፊት ለአንድ መንፈቅ በእነዚሁ ቀጥቃጮች እግር ሥር ያስቀምጥልን።