ጨርቄን ማቄን ሳይሉ

በዚህ ወር ስለ ጉዞ ጓዝ እናውጋ። ወሬውን ከእናቴ ደጃፍ ልጀምርላችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሦስት ቀን ዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ሻንጣዬን ከባጃጁ ለማውረድ ሁለት ሰው አስፈለገ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ሻንጣውን ነበር። ፊቷ በራ። «ጠቅልለሽ መጣሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እሑድ ተመላሽ መሆኔን ስነግራት ያ የበራ ፊት እንዴት እንደጠወለገ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥረው ኖሯል፤ ማታ ቡና ላይ «ባለቤትሽ ደህና ነው? ሰላም ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ በዛብኝ።

ለሦስት ቀን ይህን ያህል ሻንጣ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ርቀት ውስጥ ግን ደጋም ቆላም አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጠዋት ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ ስታልፉ ብዙ ጊዜ ጉም ይቀበላችኋል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ትወርዱና ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። ጠዋት ያንቀጠቀጣችሁ ብርድ ተረስቶ ሹራባችሁን የምታስቀምጡበት ታጣላችሁ። ስለዚህ እኔ ለደጋው ሹራብ፣ ጃኬትና ጋቢ፤ ለቆላው ስስ የጥጥ ቀሚስ፣ ነጠላና ክፍት ጫማ እይዛለሁ። በዚያ ላይ «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» የሚባለው የሁላችንም በሽታ ይጨመርበታል።

የዚያን ጊዜው ሻንጣ በሄድኩበት ሞልቶ በሞላበት ተመለሰ። እማዬ ለቅማ ያስቀመጠችልኝ ማሾ፣ በፌስታል የቋጠረችው ማንጎ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። «ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ» አልኳት። «እሺ» ብላ ፌስታሉን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሻንጣዬን የሚኒባሱ ፖርቶ መጋላ ላይ አሰቅዬ፣ የጭነት ሒሳብ ከፍዬ ተመለስኩ። ለብሼው የማላውቀውን ልብስ በገንዘቤ አመላልሼ የእናቴን ስንቅ ትቼ መጣሁ ማለት ነው። ቢዝነስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲሠራ ያሳፍራል።

ብዙም ሳይቆይ ከዱባይ የመጣች ጓደኛዬ ሦስት የመጭመቂያ ቦርሳዎች ሰጠችኝ። ፓኪንግ ኪዩብ የሚባሉት ናቸው። ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሠሩ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚደረደሩ ባለ አራት ማዕዘን ቦርሳዎች ሲሆኑ የመጭመቂያዎቹ ልዩነት ሁለት ዚፕ ያላቸው መሆኑ ነው። በአንደኛው ዚፕ ልብሱን ከትታችሁ ትዘጋላችሁ፤ ሁለተኛው ዙሪያውን ሲሄድ የቦርሳውን ጎን እያጠፈ ልብሱን ይጨምቀዋል። አየር በፓምፕ ከሚሳብላቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች የሚሻሉትም ለዚህ ነው፤ ለመልስ ጉዞ ፓምፕ ፍለጋ አትወጡም።

ለኛ አገር ሰው ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጋቢ ላይ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። አብዛኛው ግዝፈቱ በፈትሉ መሃል የያዘው አየር ነው፤ የሚያሞቀንም ይኸው አየር ነው። ዚፑ አየሩን ያስወጣዋል፤ ስትፈቱትና ስታራግፉት አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሹራብና የተነፋ ጃኬትም እንደዚሁ ናቸው። ጂንስ ግን ድሮውንም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አይቀንስም። ኮትና የተተኮሰ ሸሚዝ ደግሞ ከነጭራሹ አታስገቡ፤ ተጨማደው ይወጣሉ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ማስታወቂያ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚዘለውንም ማወቅ አለብኝ። «ቦታ ይቆጥባል» የሚለው እውነት ነው። የሚዘለለው፣ ክብደት አለመቀነሱ ነው። ይህን የተማርኩት በሥራ ጉዳይ ወደ ናይሮቢ ስሄድ ነው። ሁሉንም ጨምቄ አንዲት የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና በኩራት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። 11 ኪሎ! ከኋላዬ ሰልፈኛ ቆሞ እያየኝ ጃኬት ደረብኩ፣ ጫማ ቀየርኩ፤ አልሆነም፤ በመጨረሻ ሻንጣዋን ለጭነት አስረከብኩ። ለማስታወስ ያህል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ፣ መጠኑም 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር ነው። ጭመቃው መጠኑን ያስተካክልላችኋል፤ ኪሎውን የሚያስተካክለው ግን ልብስ መተው ብቻ ነው። ወደ ውጭ የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ማርና ቅቤም ከፈሳሽ እንደሚቆጠሩ አስቡ።

እንግዲህ ለሦስት ቀን የይፋት ጉዞ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጃኬቱንና ከባዱን ጫማ እንደለበስኩ እሄዳለሁ። አንዱ ኪዩብ ለጋቢና ለሹራብ ነው። ሁለተኛው ለሁለት ቀሚስ፣ ለአንድ ሱሪና ለውስጥ ልብስ ነው፤ ልብሶቹን አጥፌ ሳይሆን ጠቅልዬ እደረድራቸዋለሁ። ቦርሳውን እስከ አፉ አልሞላም፤ ዚፑ ሲጠብቅም ጎትቼ ሳይሆን ልብሱን በእጄ እየተጫንኩ ቀስ እያልኩ እዘጋዋለሁ። ጎትታችሁ ካስጨነቃችሁት መጀመሪያ የሚሞተው ዚፑ ነው። በሮቢት ሙቀት በላብ የራሰ ልብስ ደግሞ ሳይደርቅ አይጨመቅም፤ ይሸታል፣ ይሻግታል። ሦስተኛው ኪዩብ ባዶውን ይሄዳል። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

የይፋት ምድር ስለ ጓዝ ከማናችንም በፊት ተምሯል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሳው የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ግርጌ ወዳለው ወደ ዓሊዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስም ስጦታውን በግመል ጭኖ በዚሁ መስመር ነው የወጣው። ለበረሃው የተመቸ ግመል ግን ለአንኮበር ዳገት አይሆንም። ጭነቱ ከግርጌ ይራገፍና በሰው ትከሻና በሌላ አጋሰስ ሽቅብ ይወጣል። በረሃ ላይ ቀላል የመሰለ ጓዝ ዳገት ሲመጣ ሒሳቡን ይጠይቃል። የኔም ሻንጣ ከእናቴ ደጅ ሲደርስ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

በቅርቡ በትንሿ ሻንጣ ሮቢት ስደርስ እማዬ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ሻንጣዋን ገልመጥ አድርጋ «ነገ ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ለካስ ትልቁ ሻንጣ በከንቱ ተስፋ ሲሰጣት፣ ትንሿ ደግሞ ገና ከበሩ ተሰናበተቻት።

ባዶውን ኪዩብ አውጥቼ «ይሄ ያንቺ ነው፤ የምትሰጪኝን ሙይበት» አልኳት። ማሾውን በጨርቅ ቋጥራ ከተተችና ሁለተኛውን ዚፕ ስዘጋ ተጠግታ አየች። «ይሄማ ብልሃት ነው!» ብላ ሳቀች። ማሾ እንደማይጨመቅ እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ደስታዋ ይበልጣል።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ሳስበው፣ ሁለቱን የቆላ ቀሚሶችና ክፍት ጫማውን አዲስ አበባ ምን ያደርጉልኛል? አጥቤ አደረቅኋቸውና ቁም ሳጥኗ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለመንኳት። ከሻንጣዬ ክብደት ላይ የቀነሰልኝ ይህ ነው፤ ሦስቱም ኪዩቦች አንድ ግራም እንኳ አልቀነሱልኝም። እናንተም ቶሎ ቶሎ የምትሄዱበት የእናት፣ የአያት ወይም የእህት ቤት ካለ ሞክሩት። አንድ ሙሉ ቅያሪ እዚያው ይደር።

አሁን እማዬ ስልክ ደውላ «ነይ» ስትለኝ ጨርቄን ማቄን ሳልል እነሳለሁ። ስሸኝ ደግሞ መደርደሪያውን እያሳየች «ልብስሽ እዚህ ነው፤ ትመጫለሽ» ትለኛለች። ጠቅልዬ ባልመጣም ጠቅልዬ እንዳልሄድኩ አውቃለች።

እስከ ወር በሰላም ቆዩኝ፤ መልካም ጉዞ!