ትኩሳት የሌለው የዲስክ በሽታ

በማኅበራችን አባላት መካከል ዲስክ ባስቸገረ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም «ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫነው» የሚል ነው። ይህ ደግሞ በሽተኛውን ምን እንደሚሰማው ሳይጠይቁ መድኃኒት ከማዘዝ አይለይም። የሕክምና ተማሪ ስለ ዲስክ ምን አገባው የሚል ጓድ ቢኖር፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የት እንዳስቀመጠ ራሱን ይጠይቅ።

ጉዳዩን በሚገባ የሚያስረዳው የሊኑክስ የመጀመሪያ ዓመታት ታሪክ ነው። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ለሕዝብ ሲያስታውቅ፣ ከኤ.ቲ. ሃርድ ዲስክ በስተቀር ሌላ ዓይነት ዲስክ ምናልባት መቼም እንደማይደግፍ ገልጾ ነበር፤ በእጁ የነበረው ይኸው ብቻ ነበርና። እንግዲህ ድራይቨሩ፣ ማለትም በከርነሉና በዲስኩ መካከል ቆሞ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው የፕሮግራም ክፍል፣ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ማሽን ተጽፎ ኋላ ጸሐፊው አይቶት በማያውቀው ማሽን ሁሉ ላይ እንዲሠራ ተጠየቀ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የባሰው መጣ። በብዙ የ486ና የፔንቲየም ማዘርቦርዶች ላይ የነበሩት ሲ.ኤም.ዲ.640 እና አር.ዜድ.1000 የተባሉ የዲስክ መቆጣጠሪያ ቺፖች ከንድፋቸው ጀምሮ ጉድለት ነበረባቸው። ጉድለቱ ማሽኑ ሳይቆም ፋይሉን ሊያበላሽ የሚችል ነበር። ትኩሳት የሌለው በሽታ ማለት ይህ ነው፤ ሕመምተኛው ደኅና ነኝ እያለ ውስጡ ያልቃል። የሊኑክስ ድራይቨር ጸሐፊዎች ጥፋቱ የእኛ አይደለም ብለው አልተቀመጡም። አር.ዜድ.1000ን ፈልጎ የሚያገኝና ቺፑ ቀድሞ የማንበብ ሥራውን እንዲተው የሚያደርግ ኮድ ጨመሩ። የከርነሉ ማብራሪያም ይህ እርምጃ የዲስኩን ፍጥነት በጥቂት ፐርሰንት ሊቀንስ እንደሚችል፣ ሥራው ግን አስተማማኝ እንደሚሆን በግልጽ ይናገራል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ውሳኔ አልነበረም።

በአንጻሩ ፍጥነት ወዳዱ ተጠቃሚ ማርክ ሎርድ የጻፈውን ኤች.ዲ.ፓርም የተባለ መሣሪያ ይዞ ማስተካከያዎችን ከጓደኛው እየቀዳ ይሞክር ነበር። ልክ እኛ ጋ ሰው የጎረቤቱን አንቲባዮቲክ እንደሚውጠው ማለት ነው! ዲስኩ በሥራ ላይ ሳለ ሌሎች መሣሪያዎች እንዲያቋርጡ የሚፈቅደው ማስተካከያ፣ ከ2.0.13 በፊት በነበሩ ከርነሎች ከእነዚህ ቺፖች ጋር አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የመሣሪያው መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል። መመሪያውን ማን ያነባል?

እነዚያ ቺፖች ዛሬ ከገበያ ወጥተዋል። የምርመራው ሥርዓት ግን አልተለወጠም። ሊኑክስ በመዝገቡ «ባድ ሲ.አር.ሲ.» ብሎ ከጻፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ሊነበብ ያልቻለ ሴክተር ካመለከተ የዲስኩ ገጽ ነው። «ኢንተራፕት ጠፋ» ካለ ደግሞ ወደ መቆጣጠሪያውና ወደ ድራይቨሩ መሄድ ይገባል። ምንም ሳይል ፋይል ከተበላሸ፣ ትልቅ ፋይል ደጋግሞ ገልብጦ ቼክሰሙን ማወዳደር ነው፤ በየጊዜውም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ኬብሉንም ድራይቨሩንም ባንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው በምን ያውቃል?

ኮዱ ክፍት ስለሆነ ስሕተቱን ሌላ ሰው ያየዋል የሚሉ ጓዶች አሉ። በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ኮዱን የሚያነበው ሰው የእናንተ ማዘርቦርድ የለውም፤ ከእናንተ የሚደርሰው ሪፖርት «ዲስኬ አይሠራም» ብቻ ከሆነም ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ስለዚህ አባላት በጋራ በምንጠቀምባቸው ኮምፒዩተሮች አጠገብ አንድ ደብተር እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። የከርነሉ ቁጥር፣ የዲስኩና የመቆጣጠሪያው ስም፣ የስሕተቱ መልእክት ቃል በቃል፣ ከዚያ በፊት የተለወጠው ነገርና ቀኑ ይጻፍበት። ይህ ሳይሞላ ማንም ፎርማት እንዳያደርግ፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ቀርቦ እንዲወሰን አሳስባለሁ።