የፀሐይ ጨረርና የመጠጥ ውኃ

ጎብዬ ላይ ስለ ብርሃን ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ በጨረር የጸዳ ውኃ የጠጣ ሰው በጨረሩ አይመረዝም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ሰው ስለ ሆነ መልሱን ለአንባቢዎቻችን ላካፍል ወደድሁ።

ጨረር ሁሉ አንድ አይደለም። ውኃን ከበሽታ ተሐዋስያን የሚያጸዳው አልትራቫዮሌት የተባለው፣ ዐይን የማያየው የብርሃን ወገን ነው። ተሐዋስያኑ የሚራቡበትን የዘር ቅንጅት ያበላሻል፤ መራባት ያልቻለ ተሐዋሲም በሽታ አያመጣም። ፀሐይ ላይ የደረቀ ሸሚዝ ጨረር ይዞ እንደማይገባ ሁሉ፣ በውኃውም ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።

የፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ የመጠጥ ውኃን በአልትራቫዮሌት መብራት ማጽዳት የሞከረችው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። መብራት ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አፍቲም አክራና ባልደረቦቻቸው በ1980፣ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ውሁድ ፀሐይ ብቻዋን ልታጸዳው እንደምትችል አስታወቁ። በእኛም አገር ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ዳባት ወረዳ የተደረገውና በ2018 የታተመው ጥናት፣ ይህን መላ በያዙት ቤቶች የሕፃናት ተቅማጥ በ40 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን ቀለም የሌለው ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሦስት አራተኛው ሞልቶ በደንብ መናጥ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሞልቶ መክደንና በቆርቆሮ ጣራ ላይ ማጋደም ነው። በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት ይበቃዋል፤ ሰማዩ በአመዛኙ ደመና ከሆነ 2 ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ዝናብ ሲያከታትል ግን ማፍላት ይሻላል።

ጎርፍ ሲወርድ ከአላውሃ ወይም ከጎሊና የተቀዳ ድፍርስ ውኃ እንዲሁ አይሆንም፤ ጨረሩን ጭቃው ይጋርደዋል። ጠርሙሱን በዚህ መጽሔት ርዕስ ላይ አቁማችሁ በአፉ በኩል ወደ ታች ስታዩ ፊደሉ ካልተነበበ፣ ውኃው አስቀድሞ ይጥለል፣ ይጣራም። ጨውንና ፍሎራይድንም ፀሐይ አታስወግድም። የጸዳውም ውኃ በቆሸሸ ጣሳ ከተቀዳ መልሶ ይበከላል፤ ከዚያው ከጠርሙሱ መጠጣት ይሻላል።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም፤ በብርጭቆ ጠርቶ የሚታየውም ሕፃን ይወስዳል። ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ በገጠር ወረዳም ለሥራ የተመደባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ራያ በፀሐይ አትታማም፤ ጠዋት ስትወጡ ጠርሙሳችሁን ጣራ ላይ አጋድማችሁ ውጡ።