«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ለልጆቻችን ይበቃል?

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እናቶቻችን ነግረውናል፤ እኛም ዛሬ ከማስካት ሆነን በኢሞ ወደ አገር ቤት ስንደውል ያንኑ እንደግመዋለን። «በልተሃል? ትምህርት አለ? ከቤት እንዳትወጣ። ስለ ፖለቲካ ከማንም ጋር እንዳታወራ።» ከዚያ ማዳም ትጠራለች፣ ስልኩ ይዘጋል። ምክሩ ከፍቅርና ከስጋት የመጣ ስለሆነ ማንም ሊወቅሰን አይችልም። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀርቷል። እኛ ያልመለስንለትን ደግሞ ሌላ ሰው ይመልስለታል።

እናቶቻችን ዝም ያሉት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ ይባሉ ነበር። ማልቀስና ለቅሶ መቀመጥ እንኳን የተከለከሉ ነበሩ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች ያስታውሳል፤ ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው። ከዚያም በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ይህን ያየች እናት «ልጄ ሆይ፣ ዝም በል» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ያኔ ግን ዝምታው ቢያንስ የቤቱን በር ይዘጋ ነበር። ወሬው የሚመጣው ከሬዲዮና ከሰፈር ብቻ ነው። ዛሬ ወሬው በልጁ ኪስ ውስጥ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስምንት ዓመቱ የነበረ ልጅ አሁን ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ ከሆነ በ2014 መጀመሪያ ከአያቱ ጋር በእግሩ ሸሽቷል። መቀሌ ያደገ ከሆነ ከአንድ ዓመት በላይ ስልክና ባንክ ተቋርጦበት ከእናቱ ድምፅ ተለይቷል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም «አበቃ» ተባለ፤ ዓመት ሳይሞላ ሐምሌ 28 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘጋ። በ2017 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ለመመዝገብ አቅዶ የተመዘገበው ከግማሽ በታች ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ከፖለቲካ ራቅ ብንለው ወዴት ይርቃል? ትምህርት ቤቱን የዘጋው እሱ ነው።

ትምህርት ቤት ያልዋለ ልጅ ስልክ ላይ ይውላል። ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገቡትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሌላውን ብሔር በተሳደቡ ቁጥር ጊፍት የሚዘንብላቸውን። እዚህ ማስካትም ማታ ሥራ ጨርሰን ክፍላችን ስንገባ ጋደም ብለን የምናያቸው እነሱኑ ነው። (ጊፍቱን የምንልከውም አንዳንዶቻችን ነን፤ ስንት ሪያል እንደሚሄድ ቆጥረን አናውቅም።) ልጃችንን «አታውራ» እንለውና እኛ ስታተሳችን ላይ የታጣቂ ፎቶ እንለጥፋለን፣ የስድብ ቪዲዮ ሼር እናደርጋለን። ልጁ ያያል። በቃላችን የነገርነውን ትቶ የለጠፍነውን ይይዛል።

ታዲያ ምን እንበለው? ማባላ የምትሠራ አንዲት የኮምቦልቻ አካባቢ እህት የነገረችኝን ላካፍላችሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ አንድ ቀን «እማ፣ ትግሬዎች ጠላቶቻችን ናቸው አይደል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ኮንትራቷን ጨርሳ ሩዊ ውስጥ በጋራ ክፍል በነበረችበት ጊዜ ታማ ስትተኛ ሾርባ ሠርታ ያበላቻት፣ ልብሷን ያጠበችላት የአድዋ ልጅ እንደሆነች ነገረችው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይለናል። ልጁ ግን አላቆመም። «ታዲያ ቤታችንን ማን ዘረፈው?» አላት።

ከባዱ ይኼ ነው። «እሱን ተወው» ማለት ይቻላል። «ሁላችንም አንድ ነን» ማለትም ይቻላል፤ ልጁ ግን የተሰበረውን በር በዓይኑ ስላየ አይሰማትም፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ነገር አይጠይቃትም። እሷ የመለሰችለት እንዲህ ነው፦ «ቤታችንን የዘረፉት መሣሪያ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ በደል ነው፣ እኔም አልረሳውም። እሷ ግን ያኔ ከእኔ ጋር እዚህ ነበረች። የእሷ እናት ቤትም ተዘርፏል፣ ወንድሟ ደግሞ የት እንዳለ አታውቅም።» ልጁ ዝም አለ። አመነ አላመነ አልነገረቻትም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን «ያቺ ጓደኛሽ ወንድሟ ተገኘ?» ብሎ ጠየቃት።

ይህች ሴት ምንም ፖለቲካ አልተማረችም። ያደረገችው በዳዩን ከሕዝቡ ለይታ መናገር ነው፤ በደሉንም አልሸፈነችም። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ደግሞ ከማንም በላይ ቅርብ እኛ ነን። አገር ቤት ያለው ሰው በየክልሉ ተከፋፍሎ ይኖራል። እኛ እዚህ የጎንደሯ፣ የጅማዋ፣ የአክሱሟ፣ የአርሲዋ በአንድ ክፍል ፍራሽ አንጥፈን፣ በአንድ ጀበና ቡና ጠጥተን፣ አንዷ ከአሠሪዋ ቤት ስትወጣ ሌሎቻችን አዋጥተን እናስጠጋለን። እንጣላለንም፤ ጦርነቱ በበረታበት ጊዜ ክፍል የተለያዩ፣ ሰላምታ የተነፋፈጉ አሉ። ይህንን ሁሉ፣ ጠቡንም እርቁንም፣ ለልጆቻችን ነግረናቸው እናውቃለን? የምንነግራቸው ስለ ላክነው ገንዘብና ስለ ጫማው ቁጥር ነው።

ሌላው የምንሸሸው ጥያቄ «ለምን ሄድሽ?» የሚለው ነው። «ለአንተ ብዬ» እንላለን። ውሸት አይደለም፤ ግን በልጁ ትከሻ ላይ ዕዳ ይጭናል፣ ሙሉ መልስም አይሆንም። የሄድነው የአፈር ማዳበሪያው፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ከገቢያችን በላይ ስለሆነ ነው። አንዳንዶቻችን የሄድነው መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ ገልፍ ለሥራ መሄድን ከልክሎ በነበረበት ጊዜ ነው፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሳይነሳ ቆይቷል፣ ደላላውም የልቡን ሠርቷል። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ 8ኛ ክፍል ያልጨረሰ ለሥራ እንዳይሄድ ደነገገ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከዚህ የምንልከው ሪያል በብር በዛ፤ የዘይቱ ዋጋም አብሮ ወጣ። ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው። የአንድም ፓርቲ ስም ሳትጠሩ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ልታስረዱት ትችላላችሁ። እንዲያውም ፖለቲካ ማለት ጠመንጃና ብሔር ብቻ የሚመስለው ልጅ የእናቱን ቪዛ የወሰነው ነገር ፖለቲካ መሆኑን ቢሰማ ይጠቅመዋል። በተለይ ሴት ልጆቻችን ይህን ይስሙ፤ «አሥራ ስምንት ሲሞላሽ አንቺም ትመጫለሽ» ከማለታችን በፊት።

አሁን ስለ ጥንቃቄ። ስልክ ላይ የሚወራና የማይወራ አለ። ልጁን «ማን መጣ? ስንት ናቸው? የት ሰፈሩ?» ብላችሁ ፈጽሞ አትጠይቁት። መንገድ ላይ ባሉ ኬላዎች ስልክ እየተከፈተ እንደሚፈተሽ ከየቤተሰባችን እንሰማለን፤ እናቱ የላከችለት ቪዲዮ ወይም የድምፅ መልእክት ለልጁ መዘዝ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። እዚህ ኦማንም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ የሕዝብን ሥርዓት የሚነካ ነገር በኢንተርኔት ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት እስራት ይቀጣል። «ሼር ብቻ ነው ያደረግኩት» ማለት አያድንም።

እኔ የምለው ልጁ ያየውን ከመጠየቅ የሰማውን መጠየቅ ይሻላል። «ይህን ማን ነገረህ? እሱስ ከየት ሰማ? አይቶ ነው ወይስ ተነግሮት?» ይህችን ከለመደ ቲክቶክ ላይ ያለውም ሰው ፊት ይጠይቃታል። መልሱ ከእናንተ ሐሳብ የተለየ ቢሆን አትቆጡ። «እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ ገንዘብ እልክልሃለሁ፣ አንተ…» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዋጥ አድርጉት። የምንልከው ገንዘብ የልጁን አፍ መዝጊያ ከሆነ ሐሳቡን ለእኛ መናገሩን ይተዋል፤ ማሰቡን ግን አይተውም።

ጊዜው አጭር ነው፣ አውቃለሁ። የማስካት ሰዓት ከአገር ቤት አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እኛ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ዕቃ አጥበን ስንጨርስ እዚያ አራት ሰዓት ሆኖ ልጁ ተኝቷል። ዓርብ ዕረፍት ያላችሁ ጠዋቱን ለዚህ አድርጉት፤ ዕረፍት የሌላችሁ በሳምንት አንድ ጥያቄ ይበቃል፣ ሁሉም በአንድ ቀን አይወራም።

ከልጁ በፊት ደግሞ ከአያቱ ጋር ተነጋገሩ። ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት እሳቸው ናቸው፤ እናንተ የሾማችሁትን እሳቸው «ዝም በል» ብለው ሊሽሩት ይችላሉ። ዛሬ ስድሳ አምስት ዓመት የሆናቸው አያት በ1969 ዓ.ም. የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማን ከሰፈራቸው እንደጠፋ፣ እናቱ እንዴት እንዳላለቀሰች ያስታውሳሉ፤ ለእኛም ነግረውን አያውቁም። «እማዬ፣ ለእኔ ያልነገርሽኝን ለልጁ ንገሪው» በሏቸው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ሲነግሩት እናንተም አብራችሁ ትሰማላችሁ።