እንወቅ፦ በጨው ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች

ባለፈው ሳምንት «ጨ»ን ስናጠና ሰሌዳው ላይ «ጨው» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ አነበቡ። እኔም ደስ ብሎኝ ትንሽ ልጨምር አልኩ። «የምንበላው ጨው ብዙው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ውኃው ከባሕር ውኃ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ነፍስ ያለው ነገር አይኖርበትም» ብዬ አስተማርኩ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጨው ሊጭኑ እዚያ ሄደው ሠርተዋል።

«ተው ልጄ፣ እሱስ ልክ አይደለም። ወላሂ ዓሣ አለው። በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

«የት ላይ አዩት አባባ?»

«ፍል ውኃው ከሚገባበት ዳር። ልንታጠብ ስንወርድ እግራችን ሥር ይተራመሳል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ቤት ገብቼ መጽሐፍ አገላበጥኩ። እሳቸው ልክ ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ከከሚሴ ተነስተን በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌና በሰመራ አልፈን ሰርዶ ላይ ወደ ሰሜን ብንታጠፍ አፍዴራ እንደርሳለን። ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ፀሐዩ ውኃውን ያተነዋል፤ ጨው ይቀራል። ዳር ዳሩን ግን ፍል ምንጮች ይገባሉ። ምንጭ በሚገባበት ቦታ ጨዉ ይቀንሳል። ዓሦቹ የሚኖሩት እዚያ ነው።

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የቆሮሶ ዘመድ ነው። ሳይንቲስቶች በ1931 እ.ኤ.አ. መዝግበውታል። ሁለተኛዋ ከጣት የማትበልጥ ትንሽ ዓሣ ናት። ለእሷ በ2001 እ.ኤ.አ. የራሷን ስም የሰጡት ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁንና አንድ የውጭ ባልደረባቸው ናቸው። የቅርብ ዘመዶቿ በቀይ ባሕር ዳር ይኖራሉ። ይህ ሊገርመን አይገባም። የአፋር ዝቅተኛ ቦታ በጥንት ዘመን ባሕር ገብቶበት ነበር። የባሕር ድንጋይና ዛጎል ዛሬም በረሃው ላይ ይገኛል።

ትንሿ ዓሣ በመንጋ ነው የምትሄደው። ግሪሳ ወፍ ማሽላ ላይ ሲወርድ አይታችኋል? ሺው ወፍ እንደ አንድ ወፍ ይታጠፋል። ትናንሽ ዓሦችም እንዲሁ ናቸው። የሚበላቸው ወፍ ቢመጣ የትኛዋን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል።

ጨዉስ እንዴት አይገድላቸውም? ቋንጣ ስንሠራ ሥጋውን ጨው እናሸዋለን። ጨው ከሥጋው ውኃ ይስባል፤ ሥጋው ይደርቃል። ዓሣዋም በጨው ውኃ ውስጥ ሆና እንደ ቋንጣ ልትደርቅ ነበር። እሷ ግን ውኃ ትጠጣለች። አብሮ የገባውን ጨው በስንጥቧ፣ ማለት በምትተነፍስበት በኩል፣ መልሳ ታወጣዋለች። እኛ የባሕር ውኃ ብንጠጣ ይብስ እንጠማለን። የእኛ ኩላሊት ይህን ያህል ጨው ማውጣት አይችልም።

እነዚህ ሁለት ዓሦች በዓለም ላይ ከአፍዴራ በቀር ሌላ ቦታ የሉም። ድሮ ጨው በብዛት የሚመጣልን ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አፍዴራ ላይ የጨው ሥራ በጣም ሰፋ። የሐይቁን ውኃ ወደ ገንዳ ይስቡታል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሠራተኛው የሚታጠበው ደግሞ ከዚያው ከምንጩ ነው። ጨዉ ለእኛም፣ እዚያ ወርዶ ለሚሠራው ድሀም እንጀራ ነው፤ ይቁም አልልም። ግን ምንጮቹ ቢጠለፉ ወይም ቢበከሉ ዓሦቹ የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም።

ትናንት ለእኚያ አባት ያነበብኩትን ነገርኳቸው። «እኔስ ነግሬህ አልነበር!» አሉና ጠመኔውን ተቀብለው ሰሌዳው ላይ «ዓሣ» ብለው ጻፉ። «ሣ»ን መጀመሪያ ገልብጠዋት ነበር፤ ራሳቸው አጥፍተው አረሙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቦርከና እንጽፋለን። ቦርከና አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። ታዲያ ውኃው የት ይሄዳል? እስከዚያ ተጠያየቁ።