ተማሪ ልከን ዶላር ስንጠብቅ

አሜሪካ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመቀበያ ደብዳቤ ሲመጣ በቤታችን ደስታ ይሆናል። ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር ይነሣል። የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ በእጅ ያለው ጥቂት ነው። ይሄኔ ከቤተ ዘመዱ አንዱ “ግድ የለም፣ እየሠራ ይማራል” ይላል። ሁሉም እፎይ ይላል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። በዛሬው ዓምዳችን ይህችን “እየሠራ ይማራል” የምትባል አነጋገር እንመረምራታለን። ስንቱን ጎበዝ ተማሪ ችግር ላይ የጣለችው እርሷ ናትና።

ስንት ሰዓት? በስንት ዶላር?

ኤፍ-ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ በግቢው ውስጥ መሥራት ይችላል። በእረፍት ወራት ሙሉ ሰዓት ይፈቀድለታል። የግቢ ሥራ ሲባል ቤተ መጻሕፍት፣ ካፍቴሪያ፣ ላቦራቶሪ፣ ቢሮና የመሳሰለው ነው። በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት በአጠቃላይ ክልክል ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በ20 ሰዓት ሲባዛ በሳምንት 145 ዶላር፣ በ15 ሳምንት ሴሚስተር ደግሞ 2,175 ዶላር ይሆናል። ያውም ግብር ሳይነሣለት። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ የተሻለ ስለሚከፍሉ እጥፍ እናድርገው፤ 4,350 ዶላር ነው። ይህ ለመጽሐፍ፣ ለስልክ፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ ያግዛል። የብዙዎቹን ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ግን አይሸፍንም። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሄዱ አንዳንዶች በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት ተቀጥረው ክፍያቸው ሊሰረዝላቸውና የወር አበል ሊያገኙ ይችላሉ። ይህን ዕድል ግን ከመሄድ በፊት በደብዳቤ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የወረቀት ስፖንሰር

ዩኒቨርሲቲው አይ-ትዌንቲ የሚባለውን ቅጽ የሚሰጠው ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን በማስረጃ ሲያረጋግጥ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። አሜሪካ ያለው አጎት “ፊርማዬን እሰጣችኋለሁ፣ ገንዘብ ግን አትጠብቁብኝ” ብሎ የስፖንሰርነት ወረቀት ይልካል። ሌላው ደግሞ የባንክ ደብተሩን በብድር ሞልቶ ደብዳቤ ካወጣ በኋላ ብሩን ለባለቤቱ ይመልሳል። እኛም “ለወግ ያህል ነው” ብለን እናልፈዋለን። ወዳጆች ሆይ፣ ይህ ውሸት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የፈረመው ሰው ሳይሆን ልጁ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲደርስ ክፍያውን ካላጠናቀቀ መመዝገብ አይችልም። ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሆኖ ያለ ቢሮው ፈቃድ ከ12 ክሬዲት በታች ቢይዝ፣ የተማሪነት ሕጋዊ መብቱን ያጣል። ታዲያ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያለ የ19 ዓመት ልጅ ወዴት ይሂድ?

በእጅ የሚከፈል ሥራ

መልሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነዳጅ ማደያ፣ ምግብ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ በሌላ ሰው ስም ምግብ ማድረስ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያገኝለት የአገሩ ሰው፣ ምናልባትም የቤተ ክርስቲያን ወንድሙ ነው። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ያለ ፈቃድ የሠራ ተማሪ ሕጋዊ መብቱን ያጣል። በሌላ ምክንያት መብቱን ያጣ ተማሪ እንዲመለስለት ማመልከት ይችል ይሆናል፤ ያለ ፈቃድ የሠራ ግን ያ በር ይዘጋበታል።

ከዚህ የባሰም አለ። አሠሪዎች በሚያስሞሉት ቅጽ ላይ “የአሜሪካ ዜጋ ነኝ” በሚለው ሣጥን ምልክት ማድረግ በኢሚግሬሽን ሕግ እጅግ ከባድ ጥፋት ነው። ከዓመታት በኋላ ትዳር ይዞ የመኖሪያ ፈቃድ ቢያመለክት እንኳ ያች አንዲት ምልክት ዕድሜ ልኩን ልታግደው ትችላለች።

ለአብያተ ክርስቲያናትም አንድ ቃል አለን። በመዘምራን መካከል በነጻ ማገልገል ሥራ አይባልም። ኪቦርድ ለሚጫወተው ተማሪ በየሳምንቱ ክፍያ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ፈቃድ ይፈልጋል። ልጁን የምትወዱት ከሆነ አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ እንዲጠይቅ ምከሩት።

ከምረቃ በፊትና በኋላ

ሕጉ በር ሁሉ ዘግቷል ማለት አይደለም። ከአንድ የትምህርት ዓመት በኋላ ሲፒቲ የሚባል፣ የትምህርቱ አካል የሆነ የሥራ ልምምድ አለ። ፈቃዱ በአይ-ትዌንቲው ላይ ሳይጻፍ ግን መጀመር አይቻልም። በሲፒቲ 12 ወር ሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ያጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ኦፒቲ ነው። ተመራቂው በተማረበት ሙያ 12 ወር እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ማመልከቻው የሚገባው ትምህርቱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባሉት 90 እና በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ነው። የፈቃድ ካርዱ እጅ ሳይገባና የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ሥራ መጀመር አይቻልም። በእነዚህ 12 ወራት በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቆየትም መብቱን ያሳጣል። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ የሚጀመረው ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ከምረቃው ዓመት መግቢያ ነው። በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ የተመረቁ፣ አሠሪያቸው መስፈርቱን ካሟላ፣ 24 ወር ሊጨመርላቸው ይችላል።

ከዚያ በኋላስ? ብዙዎች ተስፋ የሚያደርጉት ኤች-ዋን-ቢ የሚባለውን የሠራተኛ ቪዛ ነው። እርሱን የሚያመለክተው አሠሪው እንጂ ተማሪው አይደለም። በሕግ የተወሰነው የዓመት ኮታ 65,000 ሲሆን፣ በአሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ለያዙ 20,000 ይጨመራል። አመልካቹ ከኮታው ስለሚበዛ ምርጫው በዕጣ ሲሆን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ ከአገሪቱ ውጭ ላሉ ሠራተኞች በሚቀርቡ አዳዲስ ማመልከቻዎች ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ታውጇል። እንግዲህ “ከተመረቀ በኋላ መቅረቱ አይቀርም” ብሎ ዕዳ የሚገባ ቤተሰብ በዕጣ ላይ ቤት እንደሚሠራ ሰው ነው።

ባለትዳሮችም ልብ በሉ። ተማሪው ባል ሆነ ሚስት፣ ኤፍ-ቱ በሚባለው የጥገኛ ቪዛ አብሮት የሚሄደው የትዳር ጓደኛ ፈጽሞ መሥራት አይችልም። የሁለት ሰው ደመወዝ አስልታችሁ ከሆነ እንደገና አስሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአራቱን ዓመት ወጪ በወረቀት ላይ አስፍሩ። የልጁን ደሞዝ እንደ ዋና ገቢ አትቁጠሩት።

ሁለተኛ፣ ስፖንሰር የሚሆነውን ዘመድ በግልጽ ጠይቁት። በየትኛው ወር ስንት ይከፍላል? “አልችልም” ካለ ቅር አትሰኙበት፤ እውነቱን በጊዜ መናገሩ ውለታ ነው። ሌላ ዓመት መጠበቅ፣ ስኮላርሺፕ መፈለግ ወይም የመጀመሪያውን ዲግሪ እዚሁ መጨረስ ውርደት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ማንኛውንም ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቁ። የጓደኛ ወሬ ፈቃድ አይሆንም። ያልታሰበ ከባድ የገንዘብ ችግር ቢደርስባችሁ፣ አንድ የትምህርት ዓመት ከጨረሳችሁ በኋላ ከግቢ ውጭ ለመሥራት ልዩ ፈቃድ ማመልከት እንደሚቻል እወቁ።

አራተኛውና ዋናው፣ ስልክ ስትደውሉ የምትሉትን ምረጡ። “የእገሌ ልጅ ለእናቱ ቤት ሠራላት” የምትል አንዲት ንግግር ልጁን ከክፍል አውጥታ ነዳጅ ማደያ ልታቆመው ትችላለች። ይልቅ “በልተሃል ወይ? ትምህርቱስ እንዴት ነው? ገንዘብ ቢቸግርህ አትደብቀን” በሉት። ቤተሰቡ እውነቱን የሚያውቅለት ልጅ ሲቸገር ወደ ቤቱ ይደውላል እንጂ ወደ ማይፈቀድለት ሥራ አይሮጥም።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።