ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ



ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙ በማይርቅ አዳራሽ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ጠፈር ተጓዧ ሳይንቲስት ስለ ጄሲካ ሜየር አንስተን ነበር። አንድ አባት ተነሥተው «እሷ አሜሪካዊት ናት። ለእኛ ሴት ልጅ እንጀራ የሚሆናት ሙያ ይበቃታል» አሉ። ጥቂቶችም አጨበጨቡ። እኛ አንስማማም።

የጄሲካ አባት የተወለዱት ባግዳድ ነው። በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደዚህች አገር ሲመጡ እንደ እኛው አዲስ ገቢ ነበሩ። በኋላ ሐኪም ሆነው አሜሪካ ኖሩ። ልጃቸው ፔንግዊን የተባለው ወፍ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ ኦክሲጅኑን እንዴት እንደሚቆጥብ መርምራ ዶክትሬቷን ያዘች። (ወፍ መከተል ምን ይረባል የሚል አይጠፋም።) በ2013 እ.ኤ.አ. ናሳ መረጣት። ኦክቶበር 18 ቀን 2019 ከክሪስቲና ኮክ ጋር ከጠፈር ጣቢያው ውጭ ወጥተው የተበላሸ የባትሪ መሣሪያ ለወጡ፤ ሥራው ከ7 ሰዓት በላይ ፈጀ። ሴቶች ብቻቸውን እንዲህ ወጥተው ሲሠሩ የመጀመሪያው ነበር።

እሷም ትርቃለች ካላችሁ ፍኖተ ሰላም የተወለዱትን ዶክተር ሰገነት ቀለሙን እንጥቀስ። ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የዕፅዋት በሽታ አጥንተው ከ2013 እስከ 2023 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። ያኔ ጎጃም ውስጥ «ለሴት ልጅ ይበቃታል» የሚል ሰው አልነበረም ይሆን?

ከስብሰባው በኋላ ከአንዲት እናት ጋር ወደ ድሮው ከተማ በእግር ስንወርድ ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው አሳዩን። ልጃቸው ለባግሩት ሒሳብ ከ5 የሒዶት ወደ 3 ትውረድ ይላል። ሁሉም በዕብራይስጥ ነው፤ ከግርጌው የእሳቸው ፊርማ አለ። «እንዳይከብዳት ነው አሉኝ፤ እኔ ምን አውቄ» አሉ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። በ3 የሒዶት ብቻ ምህንድስና መግባት እጅግ እንደሚከብድም የነገራቸው የለም።

ትምህርት ቤቱን ብቻ አንወቅስም። እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችም ሒሳብ የምትወድ ልጅ ቢሯችን ስትመጣ የአጭር ጊዜ ኮርስ ዝርዝር አስይዘን የሸኘንበት ጊዜ አለ። ቀላሉ እሱ ነበርና።

ስለዚህ ወረቀት ሲሰጣችሁ እዚያው አትፈርሙ። ቤት ወስዳችሁ አስነብቡ፤ ልጅቷንም ጠይቋት። ከዚያ ለመምህሩ «ይህን ብፈርም ልጄ ነገ ምን መማር አትችልም?» በሉት። መልሱን በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ሰው ካጣችሁ እኛ አብረናችሁ እንሄዳለን።

ከእኒያ እናት ጋር በማግስቱ ሄደናል። ፊርማቸውን እንደሚሰርዙ ተናግረዋል፤ ትምህርት ቤቱ እስካሁን መልስ አልሰጠም።